የእንጨቷ ወፍና የመብራቱ ሰልፍ

ሥራዬን ያስተወኝ ዓይኔ ነው። ሐኪሙ «እናቴ፣ ኮምፒውተር ፊት ረጅም ሰዓት መቀመጥ ይብቃዎት» ሲለኝ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሌላ መቀመጫ የለኝም» አልኩት። ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሥራዬ ሌሎች ያነሱትን ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ዛሬ ኤዲተር ይሉታል፤ እኛ ስንጀምር «ፊልም ቆራጭ» ነበርን። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሥራዬ በደንብ አልገባቸውም። «ብርቄ ፊልም ትሠራ ነበር» ይላሉ፤ አንድ ቀን እንኳ በቴሌቪዥን ሳያዩኝ መቅረታቸው ይገርማቸዋል። አንዷማ «ቆርጠው አውጥተዋት ይሆናል» አለች አሉ። ቆራጯስ እኔ ነበርኩ።

ያደግሁት አብነት ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች መቀስ አያያዝ የሚያስተምረኝ ሰው አላስፈለገኝም። በደርግ ጊዜ አንድ የመንግሥት ፊልም ክፍል ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ። ደመወዙ ለታክሲና ለጫማ ማስጠገኛ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ አላነሳውም። የክፍሉ ኃላፊ በሁለት ነገር አጥብቀው ያምኑ ነበር፦ በማኅተምና ፀሐይ ስትጠልቅ በሚነሳ ሥዕል። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ሳይሆኑ ጋሽ ታምራት ናቸው።

ጋሽ ታምራት ቀጭን፣ ነጭ የጥጥ ጓንት ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የልብስ ማስጫ ሽቦ ወጥረው፣ የተቆረጠውን ፊልም በልብስ መቆንጠጫ ያንጠለጥሉታል። በዚያ ሽቦ ሥር ጎንበስ ብሎ መሄድ የመጀመሪያው ትምህርቴ ነበር። ሁለተኛው «ቆንጆ» የሚለውን ቃል መተው ነው። «ጋሽ ታምራት፣ ይሄ እኮ ቆንጆ ነው» ስላቸው፣ «ቆንጆ መሆኑንማ እሱም ያውቃል። ምን ሊያደርግ መጣ?» ይሉኛል። መልስ ካጣሁ ቁራጩ እዚያው ሽቦው ላይ ይቆያል።

ከሁሉ የማልረሳው የዳቦ ልማዳቸውን ነው። አንድ ፊልም መልክ ሲይዝ፣ ሾፌሩንም ጥበቃውንም የሻይ ቤቷንም ሴትዮ ጠርተው ያሳያሉ። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ ዳቦ አስገዝተው በወረቀት እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። መብራት ሲበራ «ወደዳችሁት ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ልጆች ሆነን ተረት ሲያልቅ እንደምንለው፣ «በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» ይላሉ። ያየ ሰው ያየውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሶ ይነግራቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰው የዘለለውን ያዳምጣሉ። ተረቱ ከተመለሰላቸው ዳቦውን ቆርሰው መጀመሪያ ራሳቸው ይጎርሳሉ። ካልተመለሰ ለሌላው ያድሉና፣ እሳቸው ሳይቀምሱ ወደ ሽቦው ይመለሳሉ።

አንድ ጊዜ ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያስረዳ ፊልም ሠራን። ኃላፊያችን በአንድ ሐይቅ ዳር የምትጠልቅ ፀሐይ አይተው ስለወደዷት፣ ሥዕሉ ሳይቆረጥ ሙሉውን እንዲገባ አዘዙ። ገባ፤ አሳየን። ጋሽ ታምራት አንዱን ሾፌር «መልስልኝ» አሉት። ሰውዬው አሰበ አሰበና፣ «ፀሐይ ጠለቀች። ከዚያ ገበሬዎቹ ተሰበሰቡ» አለ።

«ሞተሩስ?» አሉት።

«የቱ ሞተር?»

ጋሽ ታምራት ያን ቀን ዳቦ አልበሉም። ፀሐይዋን ቆርጠው አውጥተው ለብቻዋ ሽቦው ላይ ሰቀሏት። ኃላፊው «ያቺ ፀሐይ የት ደረሰች?» ባሉ ቁጥር፣ «ገና አልጠለቀችም ጌታዬ» ይሏቸው ነበር። መሥሪያ ቤቱን ስለቅ እዚያው ተንጠልጥላ ነው የተውኳት።

መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ብዙ ዓመት የሰርግ ቪዲዮ ቆረጥኩ። የጋሽ ታምራት ትምህርት ለሰርግ አይሠራም። ታሪኩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተጋቡ። ሰው የሚፈልገው መታየት ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራዋን አክስት እስክስታ አሳጥሬ፣ ሴትዮዋ ሱቃችን ድረስ መጥታ «ትከሻዬን የት አደረግሽው?» ብላ አፋጠጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም መቁረጥ ፈራሁ። አንዱን ካሴት ለጋሽ ታምራት ባሳያቸው፣ ሰው ሲጎርስ ለረጅም ሰዓት ተመልክተው «ይሄን የሚመልስ ሰው ስንት ዳቦ ይፈልግ ይሆን?» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የአማርኛ ፊልም ገበያ ሲደራ ወደ እሱ ተመለስኩ፤ የፍቅር ኮሜዲ፣ የቤተሰብ ድራማ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቆረጥኩ። ዳቦ መግዛቱን ግን አልተውኩም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ በኋላ ለመዱት፣ እንዲያውም ዳቦው ካልመጣ ይጠይቁ ጀመር።

ስለ ሐይቅ ሥር ከተማ የሚተርከው ፊልም የመጣው ዓይኔ መድከም ከጀመረ በኋላ ነው። ዳይሬክተሯ ሜሮን ትባላለች፤ የባንክ ሥራዋን ትታ ፊልም ውስጥ የገባች፣ ስትናገር የምትሮጥ ልጅ ናት። «እትዬ ብርቄ፣ እስካሁን እዚህ አገር ያልታየ ነገር ነው የሠራነው፤ ፋንታሲ ነው፤ ይዩትና አይተኙም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልተኛሁም። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ሐይቅ ሥር ወዳለ ከተማ ትወርዳለች። የከተማው ንጉሥ ሕግ አለው፤ እዚያ የከረመ ሰው ስሙንም ዘመዱንም ይረሳል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ የሚያምር ታሪክ ነው። በታሪኩ ላይ የተጫነው ጌጥ ግን! ከመርካቶ ጥቅል በጥቅል የተገዛ አረንጓዴ ሐር እንደ ማዕበል ይተጣጠፋል። የዓሣ ጭራ ያላቸው ፈረሶች ቅርፊታቸው የመስታወት ስብርባሪ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመብራቱ ሰልፍ አለ። ሲመሻሽ ከሐይቁ ሥር በቀጭን ወረቀትና በሽቦ የተሠሩ መብራቶች አንድ በአንድ እየወጡ ውሃውን ይሞሉታል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ያን ሁሉ የሠራው ደምሴ ነው። ደምሴን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አብነት ውስጥ አንድ ሠፈር ነን። በወጣትነቱ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ በእጁ ይሥል ነበር፤ ኅትመት መጥቶ ሥራውን ሲነጥቀው የሱቅ ታፔላ መጻፍ ጀመረ። ሜሮን አግኝታው «ጋሽ ደምሴ፣ ከተማ ይሥሩልኝ» ስትለው ሰውዬው ዳግም ተወለደ። ወርክሾፑ ሞልቶበት መብራቶቹን ቤቱ ድረስ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሚስቱ የሺ ማታ ማታ አብራው ታጣብቃለች። ቀረጻው እንዳለቀ ታመመ። ፊልሙን ሳያይ አረፈ። በአርባው ዕለት ሜሮን ከሰው ፊት ተነስታ የሺ እግር ላይ ወድቃ «እትዬ የሺ፣ ጋሽ ደምሴ ከሠራው አንዲት ነገር አትጠፋም!» ብላ ቃል ገባች። እኔም እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ቃል ጠረጴዛዬ ድረስ እንደሚመጣ አላሰብኩም ነበር።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት የእንጨት ወፍ አለች። መጀመሪያ ላይ ወንድምየው ትንሽ ልጅ ሆኖ በጥል መሃል የእህቱን ወፍ ክንፍ ይሰብርና ደንግጦ ይደብቃታል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉን ከረሳ በኋላ፣ እህቱ ወፏን እጁ ላይ ታስቀምጣለች። አውራ ጣቱ ሳያስበው ወደ ተሰበረው ክንፍ ይሄዳል፤ ያኔ ያስታውሳታል። የፊልሙ ልብ ይህ ነው። ግን ከመሰበሩ እስከ መገናኘታቸው ድረስ ሐሩ አለ፣ ፈረሶቹ አሉ፣ የንጉሡ አዳራሽ አለ። በመጨረሻም ያ የመብራት ሰልፍ አለ፤ አንድ ሙሉ ዘፈን ተዘፍኖ እስኪደገም ድረስ ይቆያል። «ሜሮንዬ፣ ይሄ ረዘመ» አልኳት። «እትዬ ብርቄ፣ ሰው የሚመጣው እኮ ለዚህ ነው!» አለች።

ልማዴን አልተውኩም፤ ዳቦ ገዛሁ። ተዋንያኑን፣ ካሜራማኑን፣ ልብስ ሰፊዎቹን ጠርቼ አሳየሁና መልሱልኝ አልኩ። አንዲት ነገር ሳይዘሉ መለሱልኝ። ደስ ብሎኝ ቆርሼ ጎረስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እነዚያ ልጆች ታሪኩን ከስክሪፕቱ ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል። ከፊልሙ ያገኙትን ሳይሆን ድሮ የሚያውቁትን ነበር የመለሱልኝ።

የምረቃው ቀን ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከተማው ሲታይ ሰው በአንድ ድምፅ «ዋው!» አለ፤ ሜሮን እጄን ጨብጣ ልትሰብረው ነበር። መብራቶቹ ከውሃው መውጣት ሲጀምሩ አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው አለቀ፤ መብራቶቹ ግን ገና እየወጡ ነው። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላው ተከተለ። ቆይቶ አዳራሹ ውስጥ የሚበራው ስልክ ከደምሴ መብራት በለጠ። ማር ሲበዛ ይመራል። ልጅቷ ወፏን ወንድሟ እጅ ላይ ስታስቀምጥ፣ እኔ ስቆርጠው ያለቀስኩበት ቦታ ላይ፣ ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ «ወፏ ደሞ ከየት መጣች?» አለ።

ጓደኛው «እኔ እንጃ ጀለሴ፤ ከለሩ ግን አሪፍ ነው» አለው።

ወንድሟ ብቻ ሳይሆን አዳራሹ በሙሉ ወፏን ረስቷት ነበር። ደጅ ስንወጣ ሁለት ሴቶች ሰውዬው ባሏ ነው ወንድሟ እያሉ ይከራከራሉ። ሜሮን ሰምታቸዋለች። በሥራ ዘመኔ ብዙ መጥፎ ፊልም ቆርጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ይሄኛው መጥፎ አልነበረምና።

ፊልሙ ብዙም ሳይቆይ ከሲኒማ ቤቱ ወረደ። ሜሮን ስልክ ማንሳት ተወች፤ ወደ ባንክ ሥራዋ ልትመለስ ነው ሲባል ሰማሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሌላ ሲኒማ ቤት «ካሳጠራችሁት አንድ ቅዳሜ እንሰጣችኋለን» አለ። ሜሮን ይህንን ልትነግረኝ ስትመጣ ፊቷ ግን የደስታ አልነበረም። ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው አየነው። ሐሩን አሳጠርን፣ ፈረሶቹን ቀነስን፤ እሺ አለች። መብራቱ ላይ ስንደርስ እጇን ኪቦርዱ ላይ ጫነች።

«ይሄን አይነኩም።»

«ሜሮን፣ ሰው ልጅቷን የሚረሳው እዚህ ጋ ነው።»

«እትዬ ብርቄ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ቃል የገባሁት! ሰውዬውን ሁለተኛ ልቅበረው?»

ተናደድኩ። «ሰው ስልኩን የሚያወጣበት ቦታ ላይ ሰቅለሽው ነው የምታከብሪው?» አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ክፉ ነገር ተናገርኩ ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ተመልሳ ስትመጣ እንዲህ አልኳት፤ «ቃሉን የተቀበለችው የሺ ናት። ልትፈታሽ የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። መብራቱን አውጥቼ ልሥራውና ትየው። ካዘነች፣ እኔው በእጄ መልሼ አስገባዋለሁ።» «እሺ» አለች።

የሺ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ትሸጣለች። አብረን ሄድን። ሜሮን መንገድ ላይ የምትናገረውን ስትለማመድ ነበር፤ እፊቷ ስትቆም ግን «እትዬ የሺ፣ አዲስ ቅጂ አለ፤ ይምጡልን» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም አላገዝኳት፤ ፈራሁ።

እሑድ ከሰዓት የብሎካችንን ኮሚናል ለመንን። ለቅሶም ድግስም የሚደረግበት የጋራ ቤት ነው። ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ፊልሙን ያላዩ ጎረቤቶቼን ጠራሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድም የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ተጠንቅቄ ነበር። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መብራቱ ሊመጣ የሚገባው ቦታ ደርሶ ልጅቷ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ስትሄድ፣ የሺ አንገቷን ትንሽ ቀና አደረገች። ሜሮን መሬት መሬቱን ታያለች።

አለቀ። «በሉ ተረቴን መልሱ» አልኩ። ሁሉም ወደ ሐዘንተኛዋ ዞሩ። የሺ ተቀምጣ እንዳለች ጀመረች። ጥሉን ነገረችን፤ የተደበቀችውን ወፍ፣ ሐይቁን፣ ንጉሡን ነገረችን። ዓይኔን ጨፍኜ የምትዘልለውን አዳመጥኩ። ምንም አልዘለለችም። «ከዚያ ወፏን ሰጠችው» አለችና ዝም አለች። ዓይኔን ስገልጥ በራሷ አውራ ጣት ባዶ መዳፏ ላይ የተሰበረውን ክንፍ ትዳብሳለች። «እህቴ ናት አለ» ብላ ጨረሰች።

የሺ ቀስ ብላ ወደ ሜሮን ዞረች። «ያ የመብራቱ ሰልፍስ?»

«እትዬ የሺ፣ እኔ…» ሜሮን እንባዋ መጣ።

«ቆይ አንቺ፤ ልጨርስ። ያኔ ሲኒማ ቤት የተቀመጥኩት የደምሴን እጅ ፍለጋ ነው። ይሄን ያጣበቅነው የቡሄ ለት ነው፣ ይሄኛው ሽቦው ጣቱን የቆረጠው ነው እያልኩ። ልጅቷ የት እንደደረሰች ማን አይቷት! ሰው እንዴት ነበር ሲለኝ ጥሩ ነው አልኩ። ምን ሆነች ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ወፏን እኮ ከማገዶዬ ሰርቆ ነው የሠራት። አንድ ከሰዓት አልፈጀበትም። ሊጨርሳት ሲል ክንፏ ተሰበረበት። አበላሸኋት ብሎ ሊጥላት ሲል፣ ተው እንዲህም ታምራለች አልኩት።»

ሜሮን ቀና አለች። «ስክሪፕቱ ላይ እኮ ክንፏ ደህና ነበር» አለች። «ጋሽ ደምሴ ተሰብራ ሲያመጣልኝ ነው እኔ ታሪኩን የቀየርኩት። የጥሉ ነገር አልነበረም። አውራ ጣቱም አልነበረም።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ኮሚናሉ ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ «ውይ!» ስትል ተሰማ።

የሺ «ታዲያ ልጄ፣ ምኑ ጠፋ?» አለቻት።

ሜሮን ሄዳ አቀፈቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። የሺ ዓይኗን ጠርጋ «መብራቱን ግን አትጣሉብኝ» አለች። «ተረቱ ካለቀ በኋላ አምጡልኝ። ያኔ የትም የሚሄድ የለም።» ዳቦውን ቆርሰን በላን። እኔ አልቀመስኩም። ጎረቤቶቼ «ብርቄ ጾም ናት እንዴ?» ሲሉ ሳቅኩባቸው። በጎረቤት ይሉኝታ የተመለሰ እንዳይሆን ሰግቼ፣ ቅዳሜን ልጠብቅ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ አልሞላም፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥኩ። ስልክ ያወጣ አለ፤ መልሶ ከተተው። ወፏ እጁ ላይ ስትቀመጥ ከፊቴ የነበረች ሴት «አስታውስ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሲያስታውስ አዳራሹ በሙሉ ተነፈሰ። የሠሪዎቹ ስም መውጣት ሲጀምር፣ ያው እንደ ልማዳችን፣ ሰው ሁሉ ለመውጣት ተነሳ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መብራት ከውሃው ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው ወጣ። ሰው ቦርሳውን እንዳነገተ በየወንበሩ መሃል ቆሞ ቀረ፤ አንዳንዱ ተመልሶ ተቀመጠ። መብራቶቹ እስኪያልቁ ማንም በሩን አልከፈተም። የሺ ከፊት ረድፍ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ፊልሙ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሰነበተ። ማንንም ሀብታም አላደረገም፤ ሜሮን ግን ባንክ አልተመለሰችም። ለእኔ የመጨረሻ ሥራዬ ሆነ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሬ ተንኳኳ። የሺ ናት፤ ደረጃው አድክሟት ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ይሄ ፎቃችሁ ሰው ይገድላል» አለችና በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ድፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ግቢ፣ ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች። ቆማ ቆረሰች።

«ትናንት ተመልሶልሻል አይደል?»

«ተመልሶልኛል።»

«በይ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

ከፈትኩ።